ወንበር የምትደረድረው መቼ ትቀመጥ?

ጥያቄ፦

«ሰከንድ ላይፍ ወደሚባለው የኢንተርኔት ምናባዊ ዓለም የገባሁት በሙዚቃ ምክንያት ነው። ሰዎች ከየቤታቸው ሆነው በቀጥታ እየዘፈኑ፣ ሌላው በአቫታሩ (እዚያ ውስጥ እሱን በሚወክለው ምስል) ተቀምጦ እንደሚያዳምጥ አንዲት ጓደኛዬ ነግራኝ ገባሁ፤ ወደድኩት፤ በዚያው ቀረሁ። ዝግጅት በተደረገ ቁጥር አዘጋጆቹ ወንበር አንድ በአንድ ሲያስቀምጡ፣ ሲያበቃም አንድ በአንድ ሲለቅሙ እያየሁ አሳዘኑኝና ስክሪፕት (ዕቃውን የሚያሠራ ኮድ) መጻፍ ተማርኩ። አንዴ ሲነኩት ወንበሮቹን መድረኩ ፊት በግማሽ ክብ የሚደረድር፣ ሲያበቃም የሚሰበስብ መሣሪያ ሠርቼ በነጻ ሰጠሁ። ብዙ ሰው ተጠቀመበት። አሁን ግን በገባሁ ቁጥር የሚጠብቀኝ የመልእክት ክምር ነው። አንዱ ‹ወንበሩ ሲበዛ ይቆማል› ይለኛል፤ ሌላው ‹ቀለም ጨምሪበት› ይላል፤ አንድ የአዳራሽ ባለቤት ደግሞ ማን ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠና ምን እንዳወራ እንዲመዘግብለት ይፈልጋል። ሙዚቃ ከሰማሁ ቆየሁ። በዚያው ዓለም ከደመና በላይ ባስቀመጥኳት መቆሚያ ሰሌዳ ላይ ብቻዬን ኮድ ሳስተካክል ሌሊቱ ይነጋል። ታላቅ እህቴ ‹በሌለ ቦታ፣ ለማታውቂያቸው ሰዎች ትደክሚያለሽ› ትለኛለች። መሥራቱን ልተው ወይስ ዓለሙን? አንድ ልጅ ‹ኮዱን ስጪኝና እኔ ልቀጥልበት› ብሎኛል፤ ልስጠው?»

ሰሌዳዋ ላይ ያለሁት

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

መሥራትሽንም ዓለምሽንም አትተዪ። የምትተዪው ሰሌዳዋን ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ደጋግሜ የተመለስኩት መሣሪያሽ ወደተወለደበት ሁኔታ ነው። ማንም አላዘዘሽም። ሙዚቃ ልትሰሚ ሄደሽ፣ ሰዎቹ ወንበር ሲለቅሙ ዘፈኑ ሲያመልጣቸው በዓይንሽ አይተሽ፣ ድካማቸውን ልታቃልዪላቸው ሠራሽው። ሰው የወደደውም ለዚህ ይመስለኛል፤ እዚያ ተቀምጣ የምታዳምጥ ሴት እንደሠራችው ያስታውቃል። አሁን ግን የምትሠሪው ከመልእክት ሳጥንሽ ተነስተሽ ነው። ከሳጥኑ የሚወጣው ሰዎች የጠየቁት ነገር ነው፤ ያስቸገራቸው ነገር አብሮት አይመጣም። «ቀለም ጨምሪበት» ያለሽ ሰው ምናልባት ሲመሽ ወንበሩ ከወለሉ አልለይ እያለው ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ አሥር ቀለም ብትጨምሪለትም ችግሩ አይፈታም። ይህን ለማወቅ አንድ ምሽት አዳራሹ ውስጥ መገኘት ያስፈልግሻል። ስለዚህ «ልሥራ ወይስ ልኑር» የሚለው ጥያቄሽ ለእኔ አንድ ጥያቄ ነው፤ መኖር ስታቆሚ የመሣሪያሽም ጥራት አብሮ ይወርዳል።

ደግሞም ያለሽበት ዓለም የተሠራው እንዳንቺ ባሉ ሰዎች ነው። የሠራው ኩባንያ ሊንደን ላብ ሰከንድ ላይፍን እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ ሲከፍት ያቀረበው በዋናነት መሬት፣ ሰማይ፣ ውኃና የመሥሪያ ዕቃ ነበር። በዚያው ዓመት ነዋሪዎች የፈጠሩት ነገር የአእምሯዊ ንብረት መብቱ የራሳቸው እንዲሆን ወሰነ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቤቱ፣ ልብሱ፣ ጀልባው፣ ዳንሱ በአብዛኛው የነዋሪው እጅ ሥራ ነው። ስክሪፕቱ የሚጻፈውም እዚያው ውስጥ፣ ሰው እያለፈና እያገደመ ነው። ይህ ከሌላው ሶፍትዌር ሥራ በጣም የሚለይበት ነገር ነው፤ ብቻሽን እንድትሆኚ ሥራው አያስገድድሽም። ዕቃ እስከ 4,096 ሜትር ከፍታ ድረስ ማስቀመጥ ስለሚቻል ሠሪዎች ጸጥታ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እረዳቸዋለሁ፤ ኮድ ጸጥታ ይፈልጋል። ግን ሌሊቱን ሁሉ አይፈልግም። ወደ ሳንድቦክስ፣ ማንም መጥቶ ዕቃ ወደሚሠራበት የጋራ መሬት፣ ውረጂ። እዚያ ቆሞ የሚያይሽ ሰው ይኖራል፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ይልሻል፤ ስትመልሺለት የተሳሳትሽው ቦታ ለራስሽ ይታይሻል። የሳንድቦክስ ዕቃ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ራሱ ስለሚጸዳ ግን ቅጂ ሳትይዢ አትውጪ።

አንቺን የያዘሽ ፈተና ከሰከንድ ላይፍ በፊትም ነበር፤ ታሪኩ ስለሚጠቅምሽ ልንገርሽ። ላምዳሙ የሚባል፣ በጽሑፍ ብቻ የሚኖርበት ምናባዊ ዓለም ነበር፤ ፓቬል ከርቲስ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረው። ነዋሪዎቹ ክፍልና ዕቃ ይሠሩ ነበር፤ ፕሮግራምም ያደርጉ ነበር። ሰው ሲበዛ አቤቱታው፣ ጠቡ፣ «ይህን አስተካክሉልን» የሚለው ሁሉ በከርቲስና «ዊዛርድ» በሚባሉት ረዳቶቹ ላይ ወረደ። በ1992 መጨረሻ ከርቲስ ደከመውና ከእንግዲህ ዊዛርዶቹ ቴክኒሻን ብቻ እንደሚሆኑ፣ በነዋሪዎች መካከል በሚነሳ ነገር እንደማይገቡ አስታወቀ። በማግሥቱ ዓመት አንድ ነዋሪ በሠራው መሣሪያ የሌሎች ሰዎች ገጸ ባሕርያት ያለፈቃዳቸው አስነዋሪ ድርጊት የሚፈጽሙ አስመስሎ በአደባባይ አሳየ። ሰው ተቆጣ፤ ተጎዳ፤ የሚወስን አካል ግን አልነበረም። ከርቲስ ከዚያ በኋላ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ሐሳብ አቅርበው ድምፅ የሚሰጡበትን ሥርዓት በኮድ ሠራላቸው። በ1996 ደግሞ ዊዛርዶቹ ከማኅበራዊ ውሳኔ ሙሉ በሙሉ መውጣት እንዳልተቻላቸው በይፋ ተናገሩ።

ሰው በሚኖርበት ቦታ መሣሪያ የሠራ ሰው «እኔ ኮድ ብቻ» ብሎ መሸሸግ አይችልም። ያንቺ መሣሪያ ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንደሚቀመጥ ይወስናል። ከርቲስን ከሞከረው ሁሉ የበለጠ የረዳው ግን ለእያንዳንዱ አቤቱታ ራሱ መልስ መስጠቱን ትቶ ሰዎቹ ራሳቸው የሚወስኑበትን ነገር መሥራቱ ነው። አንቺም መሣሪያሽን ያላንቺ እንዲኖር አድርገሽ እንደገና አበጂው። እንዴት እንደሆነ ትንሽ ልዘርዝረው፤ ከክምሩ አብዛኛው የሚቀልልሽ በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ሲበዛ ይቆማል» ያለሽ ሰው እውነቱን ነው። ደብዳቤሽ ላይ ባትጽፊውም የሚወጣው ስህተት «ስታክ-ሂፕ ኮሊዥን» (የስክሪፕቱ ሜሞሪ ሞላ) የሚለው ይመስለኛል። ዋናው ስክሪፕትሽ የእያንዳንዱን ወንበር መለያ፣ ቦታና የዞረበትን አቅጣጫ በአንድ ረጅም ዝርዝር ይይዛል መሰለኝ፤ በሞኖ (ስክሪፕቶቹን በሚያስኬደው ሥርዓት) የሚሠራ ስክሪፕት ያለው ሜሞሪ ደግሞ 64 ኪሎባይት ነው፤ ኮዱም ራሱ ከዚያው ላይ ይቆረሳል። ዝርዝሩን እያሳጠርሽ አትታገዪ፤ አስወግጂው። ግማሽ ክብ እኮ ሒሳብ ነው፤ የወንበሩ ተራ ቁጥርና የክቡ ስፋት ከታወቀ ቦታው ይሰላል፤ መታወስ የለበትም። ተጠቃሚው በእጁ ያንቀሳቀሳቸውን ወንበሮች ቦታ ደግሞ እስኪሰበሰቡ ድረስ ወንበሮቹ ራሳቸው ያስታውሱ፤ እያንዳንዱ ከማዕከሉ ያለውን ርቀትና አቅጣጫ በራሱ ስክሪፕት ይያዝ። ያኔ ሃያም ሆነ ሁለት መቶ ወንበር ለዋናው ስክሪፕት ሸክሙ አንድ ነው። ዳግም ሲነሳ እንዳይጠፋ የምትፈልጊውን ጥቂት ነገር በቅርብ ዓመታት በመጣው በሊንክሴት ዳታ (በዕቃው ራሱ ላይ በሚቀመጥ ማስታወሻ) ላይ አስቀምጪው፤ ስክሪፕቱ ቢጠፋና ቢነሳም እዚያ የተጻፈው ይቆያል።

በስክሪፕት ዕቃ ከ10 ሜትር በላይ ርቆ መውለድ፣ ማለትም ወደ ዓለሙ ማውጣት፣ እንደማይቻል ታውቂያለሽ። ስለዚህ ወንበሩ እዚያው መሣሪያው አጠገብ ይወለድና ራሱ ወደ ቦታው ይሂድ። ሲወለድ አንድ ሙሉ ቁጥር ይቀበላል፤ ያንን ቁጥር መሣሪያውና ወንበሩ የሚነጋገሩበት መስመር፣ ማለትም ቻናል፣ አድርጊው። በየድርድሩ አዲስ አሉታዊ ቁጥር ይውጣለት፤ አለዚያ በአንድ ሪጅን (ዓለሙ ከተከፋፈለባቸው የመሬት ክፍሎች በአንዱ) ውስጥ ሁለት አዳራሾች መሣሪያሽን ሲጠቀሙ አንዱ «ሰብስብ» ሲል የሌላው ወንበር ከተቀመጠበት ሰው ሥር ይጠፋል። ወንበሩ «ጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ ከመፈጸሙ በፊት የላከው ዕቃ ባለቤት የራሱ ባለቤት መሆኑን ያጣራ። ይህን ማጣሪያ አንድ መስመር ኮድ ይበቃዋል፤ ካልገባ ግን ማንም ተንኮለኛ በዘፈኑ መሀል አዳራሹን ባዶ ማድረግ ይችላል።

ላግ የሚባለው የዓለሙ መንቀርፈፍም አለ። ዜሮ ቻናል ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያወራበት መስመር፣ የሚያዳምጥ ወንበር አዳራሹ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ እየሰማ «የእኔ ነው ወይ?» ይላል፤ ስልሳ ወንበር ሲሆን ስልሳ ጊዜ። በየሰከንዱ የሚነቃ ሰዓት ቆጣሪ ያለው ወንበር ከዚህም ይብሳል። ወንበር ከተቀመጠ በኋላ ሥራው ሰው መሸከም ነውና ቆጣሪውን አጥፊው፤ አንድ የተጣራ ማዳመጫ ብቻ ይተውለት። በአንድ ሪጅን 256 በ256 ሜትር መሬት ላይ ያለው ሁሉ፣ የዘፋኟ ጊታርም የአድማጩ ፀጉርም፣ የስክሪፕት ጊዜውን ከአንድ ቋት ነው የሚወስደው። የአንቺ ወንበር በልኩ ሲወስድ ማንም አያመሰግንሽም፤ አዳራሹ ግን አይንቀረፈፍም።

ዕቃ የሚወልድ ዕቃ ስለሆነ አንድ ነገር ጨምሬ ላሳስብሽ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 ራሳቸውን የሚያባዙ የወርቅ ቀለበቶች በዓለሙ ሁሉ ተሰራጭተው ሊንደን ላብ እነሱን እስኪያጸዳ ድረስ መግቢያውን ለመዝጋት ተገዷል። መሣሪያሽ በባለቤቱ እጅ ሲነካ ብቻ ይውለድ፤ ወንበሩ ውስጥም ሌላ ነገር የሚወልድ ስክሪፕት በፍጹም አይኑር።

ቀለሙን፣ ስፋቱን፣ የረድፉን ብዛትና የመሳሰለውን ሁሉ ወደ ኖትካርድ (በዕቃው ውስጥ ወደሚቀመጥ የጽሑፍ ገጽ) አውጪው። ተጠቃሚው ከፍቶ «ረድፍ 4» ብሎ ይጻፍ፤ ሲያስቀምጠው ስክሪፕቱ ለውጡን አይቶ ራሱ እንደገና ያንብበው። ብዙ ሠሪ የሚረሳው ነገር አለ፤ ዕቃው ማሻሻል የሚፈቅድ ቢሆንም በውስጡ ያለው ኖትካርድ የራሱ ፈቃድ አለው። መቅዳት፣ ማሻሻልና ማስተላለፍ የሚሉትን ሦስቱንም በኖትካርዱም በወንበሩም ላይ ለቀጣዩ ባለቤት ክፈቺ። ወንበሩ ከተከፈተ ሰው የራሱን ወንበር ይተካበታል፤ ያንቺ ስክሪፕት ገብቶበት ያንቺ ያልሆነ ውበት ይወጣል። ከምናባዊ ዓለም ደስታዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ለእኔ የለም፤ በማታውቂው አዳራሽ ገብተሽ፣ ያላሰብሽው ሰው መሣሪያሽን ባላሰብሽው መልክ ሲጠቀምበት ማግኘት።

የአዳራሹን ባለቤት ጥያቄ በተመለከተ መልሴ «አይሆንም» ነው፤ አንቺም እንዲሁ በዪው። ሰዎች ያለፈቃዳቸው ያወሩትን በርቀት መከታተልና ንግግራቸውን መዝግቦ ማጋራት በሰከንድ ላይፍ የማኅበረሰብ ደንብ የተከለከለ ነው። ደንቡ ባይኖርም ልመናዬ ያው ነበር። ሰው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከጎኑ ላለው የልቡን ያወራል፤ አንዳንዱ በሥጋ ዓለም የማይናገረውን ነው። ወንበሩ ጆሮ እንዳለው የተጠረጠረ ቀን አዳራሹ ይሞታል። ስንት ሰው እንደመጣ ማወቅ ብቻ ከፈለገ የሰዉን ብዛት ስጪው፤ ስም ሳይኖርበት። ከዚያ አልፎ ከገፋፋሽ መልስ መስጠትሽን አቁሚ። አቫታር የማንቀሳቀስና ገንዘብ የማውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ ኮድም ከሥራሽ ጋር ካልተያያዘ አታስገቢ።

የመልእክቱ ነገር ሥርዓት ይበጅለት። ከመስመር ውጭ ስትሆኚ የሚመጣው የግል መልእክት ከልክ ሲያልፍ ስለሚዘጋ፣ የቆዩ ሠሪዎች «እባክዎ ኖትካርድ ይላኩ» ብለው መገለጫቸው ላይ ይጽፋሉ፤ አንቺም ጻፊ። የተጠቃሚዎች ግሩፕ ክፈቺ፤ አዲስ ሲኖር በግሩፑ ማስታወቂያ አያይዘሽ ላኪ። ከጥያቄዎቹ ግማሽ ያህሉን ተጠቃሚዎቹ ለእርስ በርሳቸው ይመልሳሉ፤ አንዳንዱ ካንቺ በተሻለ፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ ዝግጅት የሚያዘጋጁት እነሱ ናቸው። በነጻ ስለሰጠሽ ዕዳ የለብሽም። ለጠየቀ ሁሉ በትህትና «ይህን አልሠራውም» ማለት ትችያለሽ፤ ምክንያት ማቅረብም አይጠበቅብሽም።

አሁን ወደ መኖሩ። መጀመሪያ ወደ ሙዚቃሽ ተመለሺ፤ መሣሪያሽ ባለበት አዳራሽ ግን የስክሪፕት መስኮት ሳትከፍቺ ተቀመጪ። ወንበሩ ትንሽ ተንጋዶ ብታዪውም ዝም በዪ፤ ለነገ ያዢው። በዚያ ዓለም አንድ ቀን በተለመደው አቆጣጠር አራት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሦስቱ ብርሃን፣ አንዱ ሌሊት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ቀኑን ሙሉ መጠበቅ የለብሽም። ብሌክ ሲ የሚባለው ሰፊ ባሕር ላይ ሰው ጀልባ ይዞ ይወጣል፤ ጀልባው በንፋሱ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሰሉት ነዋሪዎች የጻፏቸው ስክሪፕቶች ናቸው። ከአንዱ ሪጅን ወደ ሌላው ሲታለፍ ጀልባው አንዳንዴ ያንገራግጫል፣ አንዳንዴም ባለቤቱን ውኃ ውስጥ ይጥላል፤ ሰው ግን ይስቃል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይጓዛል። እንደ ሠሪ ዓይን ያንን ኮድ ታደንቂዋለሽ፤ ማንም ግን እንድታስተካክዪው አይጠብቅሽም። ያ ለአንቺ መድኃኒት ነው። ደግሞ ለማንም የማይጠቅም ነገር ሥሪ፤ ስትነኪው ብቻ የሚያበራ ድንጋይ፣ ሰው ሲቀርበው የሚሸሽ ቢራቢሮ። ለግሩፑ አትንገሪ።

ታላቅ እህትሽ ስለ እንቅልፍሽ ትጨነቃለች፤ በዚያ ልክ ናት። የምትወጪበት ሰዓት ይኑር፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያልተጠናቀቀው ኮድ እንደተከፈተ ይደር። «በሌለ ቦታ» ያለችው ላይ ግን አልስማማም። የሚዘፍነው ሰው አለ፤ የሚያዳምጠውም አለ፤ አንቺ ያቀለልሽለት ድካም በእውነተኛ እጁና በእውነተኛ ሰዓቱ ላይ ነበር። አንድ ምሽት አጠገብሽ አስቀምጠሽ አብራችሁ ስሙ። ክርክር ሳታነሺ፣ ዘፈኑን ብቻ።

ልጁን በተመለከተ፣ ስጪው። መጀመሪያ ሜሞሪውንና የማጥፊያ ማጣሪያውን አስተካክለሽ፣ በኮዱ አናት ላይ ማን እንደጻፈውና ማንም በነጻ እንዲያሻሽለው እንደፈቀድሽ በሁለት መስመር አስፍረሽ፣ ሙሉ ፈቃድ ያለውን ቅጂ ስጪው። አንዴ በሙሉ ፈቃድ የተሰጠ ነገር ተመልሶ እንደማይሰበሰብ አውቀሽ ስጪ። የሠራሽውን ዕቃ እንዳለ አሳልፈሽ ግን አትስጪው፤ ዕቃው በስንት እጅ ቢያልፍ የፈጣሪው ስም ተብሎ የሚታየው ያንቺ ስም ነው። ልጁ አዲስ ፕሪም (ዕቃ የሚሠራበትን መሠረታዊ ቅርጽ) ከራሱ ያውጣ፣ አዲስ ስክሪፕት ይክፈት፣ ያንቺን ጽሑፍ እዚያ ላይ ይለጥፍ። ያኔ ወንበሩ የተንጋደደበት ሰው ዕቃውን ተጭኖ ሲያይ የሚያገኘው የልጁን ስም ነው፤ መልእክቱም ወደ እሱ ይሄዳል።